ውሸት ሲጻፍ የሚጮኸው ኮምፒውተር

ኧረገኝ! ማን ነው «ቀጣፊ» ያለኝ? አንተ ነህ ወይስ ከኋላህ ያለው? ተወው፣ ሁለታችሁም ናችሁ። እኔ ኮምፒውተሩ ያስባል አልኩ? ሕግ ተምሯል አልኩ? አላልኩም። ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሲዋሽ ይጮህ ነበር። «ጢን» ይል ነበር። ይኸው ነው። ፍኖተ ሰላም፣ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ።

ደግሞ «አንተን ማን ኮምፒውተር አስነካህ?» የምትሉ አላችሁ። ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። ትምህርቴ እስከ ስምንት ነው። ሚኒስትሪ ወድቄያለሁ፤ አልደብቅም። ግን እንዴት እንደወደቅሁ ማንም አይጠይቀኝም። ጥያቄውን ሁሉ መልሻለሁ፤ አራሚው ሰውዬ ነው ከኔ ጋር ያልተስማማው። ከዚያ ወዲህ እኔና ትምህርት ቤት ሳንጣላ ተለያየን።

ሥራ የሰጠችኝ እታለም የሺወርቅ ናት። አስፋልቱ ዳር «የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ታፔላ የሰቀለች፣ እንደ ታላቅ እኅት የምትቆጣ፣ እንደ ታላቅ እኅት የምታበላ ሴት ናት። እታለም የምላትም ለዚሁ ነው እንጂ ዘመዴ ሆና አይደለም። መጀመሪያ የቀጠረችኝ ጀነሬተር እንዳስነሣ ነበር። ከዚያ ጸሐፊዋ ልጅ አግብታ አገር ለቀቀች፤ ወንበሩ ባዶ ሆነ። አንድ ቀን ባለጉዳይ ሲበዛባት «እስቲ ቁጭ በልና ይቺን ፊደል እየለቀምክ ጻፍ» አለችኝ። ለቀምኩ። ከጧት እስከ ማታ አንዲት ማመልከቻ ለቀምኩ። በሳምንቱ በቀን ሁለት ደረስኩ። በዓመቱ የጋሪ ነጂው ሁሉ «ኢንጂነር» ይለኝ ጀመር። በሉኝ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ግን ማለቱን ብለዋል።

የምጽፈው በሁለት ጣት ነው። ስምንቱ ለክፉ ቀን ተቀምጠዋል። እነዚያ ሁለቱ ግን! እኔ ፊደል አልነካም፤ እወቅጣለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ደግሞ ኢንተር የምትባል ትልቅ ቁልፍ አለች፤ እሷን በጡጫ ነው የማሳርፋት። ንዴት ያለበት ክስ ሲመጣልኝ ከባለጉዳዩ ብሼ እናደዳለሁ። ሰው ተበድሎ በቀስታ ይጻፋል እንዴ?

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ መሀሉን በቺፑድ ከፍላዋለች። ወደ በሩ በኩል እኔና ኮምፒውተሩ አለን፤ ጠረጴዛችን ቺፑዱን ተደግፎ ነው የቆመው። ከቺፑዱ ጀርባ የአደራ ቤት ነው። ገበያ የወጣ የገጠር ሰው እዚያ ዕቃውን ይጥላል፤ ጃንጥላው፣ ማረሻው፣ የታሰረ ዶሮው፣ ጠርሙሱ፣ ጥቅልሉ። «አደራ» ይላል፤ ይሄዳል። እታለም ተቀብላ ትሰቅላለች። አለቀ። ምን እንደሆነ አትጠይቅም፣ አትፈታም፣ አትዳብስም። ባለቤቱ ባይመጣ ባይመጣ ዓመት ይሰቀላል እንጂ የሰው አደራ የሚነካ እጅ እዚያ ቤት የለም። እኔ ራሴ ለመጥረግ ስገባ መሬት መሬቱን እያየሁ ነው።

እና ሰኞ ጧት ነው፤ አያ አበጀ ገቡ። የማንኩሳ ገበሬ ናቸው። ጋቢያቸው ነጭ፣ ዱላቸው ወፍራም፣ ክሳቸው የማያልቅ። ከጎረቤታቸው ጋር በድንበር የተጣሉት እኔ ሳልወለድ ነው ይባላል። በርጩማዋን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ጻፍ ልጄ።»

«ይበሉ አያ።»

«ተከሳሽ ድንበሬን ገፍቶ...» ቆም አሉ፤ ጣሪያውን አዩ፤ «...ሁለት ጥማድ መሬቴን አርሶብኛል።»

ሁለት ጥማድ! ደሜ ፈላ። በሬ ሁለት ቀን ሙሉ የሚደክምበት መሬት እኮ ነው። «አርሶብኛል» የምትለዋን ፊደል በፊደል ወቅጬ ስጨርስ ኢንተሯን በጡጫ አቀመስኳት።

«ጢን!»

አያ አበጀ ስክሪኑን አዩ። እኔም አየሁ።

«ምን አለ እሱ?» አሉኝ።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። «አላውቅም» ማለት ይቻል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይል ነበር። እኔ ግን ኢንጂነር ነኛ! ኮምፒውተር ሰው ሲሳሳት «ጢን» እንደሚል አውቃለሁ፤ ስንቴ ብሎኛል።

«ስህተት አለ ነው የሚለው አያ።»

«የምን ስህተት?»

«እሱን አይናገርም። ስህተት አለ ብቻ ነው የሚል።»

አያ አበጀ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ወደ በሩ ዞር ብለው ሰው መኖር አለመኖሩን አዩ።

«እንግዲያው አንድ ተኩል አርገው።»

አንድ ተኩል ስትሆን የኔም ንዴት በረድ አለ። ቀስ ብዬ አረምኳት። ዝም።

«ኧረ በማርያም!» አሉ በሹክሹክታ። «አወቀ!»

ልባቸው ተመለሰ መሰለኝ፣ «ደግሞም በቆመጥ ራሴን ፈንክቶኛል» አሉ።

እዚህ ላይማ ማን ዝም ይላል? ሽማግሌ ይፈነከታል? ወቀጥኩ።

«ጢን!»

«ፈንክቶኛል እንኳ... ሊፈነክተኝ ነበር።»

ፍንከታው ቀረ ብዬ በንዴት መታሁ። «ጢን!»

«በቃ በቃ! ቆመጥ ይዞ አይቼዋለሁ በል። ከሩቅ።»

ዝም።

አያ አበጀ ሁለት ገጽ ያሰቡትን ክስ በስምንት መስመር ይዘው ወጡ። ሲወጡ ኮምፒውተሩን ጎንበስ ብለው እጅ ነሱት። እኔን አይደለም።

ማክሰኞ ወሬው ፍርድ ቤቱን ዞሮ፣ ገበያውን አቋርጦ፣ ጅጋ ደርሶ ተመልሷል። «የየሺወርቅ ዕቃ ውሸት ይለያል!» ሊያዩት የመጡ እንጂ ሊያጽፉ የመጡ አልነበሩም ብዙዎቹ። አንዲት ከጅጋ የመጣች ባሏን የምትከስ ሴት ግን ደፍራ ተቀመጠች።

«አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግሬው አላውቅም በልልኝ።»

አሳዘነችኝ። እንባዬ እየመጣ ነው የጻፍኩት፤ ሳዝን ደግሞ ጡጫዬ ይበረታል።

«ጢን!»

«አንድ ቀን ብቻ። እሱም ተቆጥቼ።»

«ጢን!»

«ይኼ ዕቃ የባሌ ዘመድ ነው እንዴ?» ብላ ነጠላዋን ጠቅልላ ወጣች።

ረቡዕ የሠርግ ጥሪ የሚያሠራ ሙሽራ መጣ። የጥሪውን ወረቀት ገልብጦ ሰጠኝ፤ ደስታ መስሎኝ። «በታላቅ ደስታ እንጋብዝዎታለን» የምትለዋን እኔም ተደስቼ ጨረስኳት። «ጢን!» ሙሽራው ፊቱ አመድ መሰለ። «ማን ነገረው?» አለኝ። ከዚያ ደግሞ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ያስያዙት ሰው መጣ። ያኔ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ሥራ እናሻሽላለን» እያለ ቢፒአር ቢፒአር የሚልበት ጊዜ ነው፤ ታስታውሱ እንደሆን። «ዕቅዳችንን አንድ መቶ ሃያ በመቶ አሳክተናል» ይላል ወረቀቱ። እኔ እንደዚህ ዓይነት ሥራ ስሰማ በአገሬ እኮራለሁ። «ጢን!»

ሰውዬው ግራ ቀኙን አየ። «መቶ አርገው።»

«ጢን!»

«ወንድሜ» አለኝ ጠጋ ብሎ፣ «ሳይሰማ የሚጻፍበት ቦታ የለም?»

አለ እንጂ! ከአስፋልቱ ማዶ ሌላ ጽሕፈት ቤት አለ። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ምንም ብትለው ዝም ነው። ወረቀቱን ጠቅልሎ ተሻገረ። ከሱ ኋላ ሌላው ተሻገረ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ማዶ ያለው ሰልፍ አስፋልቱን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ እኛ ዘንድ ዝንብና እኔ ብቻ ቀረን።

እታለም በሩ ላይ ቆማ ሰልፉን አየች፣ አየችና ዞረች።

«ስማ። ይህን ዕቃ እስከ ቅዳሜ ዝም አሰኘው። ካልሆነ የእኅቴ ልጅ ሄኖክ ዲፕሎማውን ይዞ ቡሬ ቁጭ ብሏል። ይመጣል፤ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። አንተን ደግሞ ወደ እናትህ እሸኛለሁ።»

«እታለም፣ እኔ ምን አጠፋሁ?»

«እኔስ ምን አጠፋሁ? ሰው እዚህ የሚመጣ ሊያጽፍ ነው እንጂ ንስሐ ሊገባ ነው?»

ወንድሞቼ፣ ያ ወንበር ለኔ ወንበር ብቻ አይደለም። እናቴ ገጠር ሆና «ልጄ መብራት ላይ ነው የሚሠራ» እያለች ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ቀና ብላ ነው የምትሄድ። ተባርሬ ብመለስ የሚጠብቀኝ የወንድሜ በሬ ነው። በሬ ደግሞ «ኢንጂነር» አይልም። ስለዚህ ያን ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለብኝ፤ ምርጫ የለኝም።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አደን ወጣሁ። መጀመሪያ ሁለቱን ስፒከሮች ነቀልኩ። ጻፍኩ። «ጢን!» ስፒከሮቹን ከነቀልኩ አይቀር ወስጄ ውጭ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። «ጢን!» ስክሪኑ ላይ ያለችዋን የድምፅ ምልክት ፈልጌ ዘጋሁ። «ጢን!» ማውሱ ይሆናል ብዬ ማውሱን ነቀልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም መንካት ስላቃተኝ መልሼ ሰካሁት። ኮምፒውተሩን በጋቢዬ ጠቅልዬ አፈንኩት። «ጢን!» አለ፤ እኔ ነኝ በጋቢ እጦት የበረደኝ።

ከዚያ ዘዴ መጣልኝ። እጄን ሰብስቤ፣ ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ ለጥፌ ማድመጥ። ከምሳ እስከ አሥር ሰዓት ጆሮዬ እስኪቀላ ለጥፌ ዋልኩ። አንዲት ጊዜ አልተነፈሰም። ልክ ልጽፍ ስቀመጥና ኢንተሯን ሳሳርፍ፣ «ጢን!» ደግሜ ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ ዝም። ተቀመጥኩ፤ ጻፍኩ፤ «ጢን!»

ያን ጊዜ ገባኝ። ጠላትነቱ ከኔ ጋር ነው።

አትሳቁ። ዕቃም ይቀየማል። ስንት ዓመት ሙሉ በጡጫ ስወቅጠው ኖሬ ምን ይበል? እና አነጋገሬን ለወጥኩ። እስካሁን «አንተ» ነበር የምለው። ተነሣሁና ነጠላ እንደለበሰ ሽማግሌ ከፊቱ ቆምኩ። «እባክዎ» አልኩት፣ «ካስቀየምኩዎ ይቅር ይበሉኝ። ከእንግዲህ በጨዋ ደንብ ነው የምነካዎ። እንጀራዬን አይዝጉብኝ።» እታለም ከበሩ ሆና ሰማችኝ። አማተበች።

ዓርብ መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ ደግሞ ቤንዚን የለውም። ስክሪኑ ጥቁር፣ ሁሉ ነገር ሙት። እኔም ተስፋ ቆርጬ ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ። ወንበሬን ሳስብ፣ እናቴን ሳስብ፣ የወንድሜን በሬ ሳስብ ንዴት መጣብኝና ጠረጴዛውን በሁለት እጄ መታሁት።

«ጢን!»

መብራት የለም እኮ! አንድ ጫማዬን ጥዬ አስፋልቱ መሀል ተገኘሁ። ጋሪ ሊረግጠኝ ለትንሽ ነው የሳተኝ።

«ምን ሆነሃል ኢንጂነር?» ብሎ ጮኸብኝ ጋሪ ነጂው።

«ሳይበራ ጮኸ!»

«ምን?»

«ኮምፒውተሩ!»

«ፈረሴም ሳይበራ ይጮሃል» ብሎኝ አለፈ። እንደዚህ ካለ ሰው ጋር ምን ታወራለህ?

እታለም ግን ሰማች። ስልኳን አነሣችና ሄኖክን «በጧት መኪና ድረስልኝ» አለችው።

ቅዳሜ ነው። ገበያ ነው። ሄኖክ ጧት ከቡሬ በሚኒባስ መጣ፤ ጸጉሩ ተቀብቶ ያብለጨልጫል፣ ቦርሳው ሙሉ መፍቻ፣ አፉ ሙሉ እንግሊዝኛ። ወሬው ቀድሞት ስለነበር ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። አያ አበጀም ከፊት በርጩማዋ ላይ ተቀምጠዋል።

«እርሰዎ ደግሞ ምን ሊሠሩ መጡ አያ?» አልኳቸው።

«እንደው ከዳነ ብዬ። ከዳነ ሁለቷን ጥማድ ልመልሳት።»

ሄኖክ እጅጌውን ሰበሰበ። «ሲስተሙ ኮራፕት አርጓል» አለ። «ሃርድዌሩም ኢሹ አለው።» ሰው ሁሉ «አዬ!» አለ፤ ማን ምን እንደገባው እንጃ። ሳጥኑን ፈታ። ሆድ ዕቃውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረው፤ እንደ በግ። አንዱን እፍ አለ፣ አንዱን በእጅጌው ጠረገ፣ መልሶ ከተተ። ሦስት ብሎን ተረፈው፤ ኪሱ አስገባቸው። እኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወንበሬ ላይ፣ የኔ ወንበር ላይ፣ ተቀመጠና በአሥር ጣቱ ይጽፍ ጀመር። ድመት በጥጥ ላይ ስትሄድ አይታችኋል? እንደዚያ ነው።

ዝም። አንድ ገጽ ጻፈ። ዝም።

ሰው አጨበጨበ። እታለም ፊቷ በራ። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

አያ አበጀ በርጩማቸውን ሳብ አደረጉ። «ሁለት ጥማድ በል የኔ ልጅ።»

ሄኖክ ጻፈ። ዝም።

አያ አበጀ ጆሯቸውን አቀኑ፤ ጠበቁ፤ ፈገግ አሉ። «ሦስት አርገው እንግዲህ።»

ዝም።

«አራት ነው መሰለኝ ባስበው ባስበው።»

ዝም! ሄኖክ ቅንድቡን እንኳ አላነሣም። አራት ጥማድ ከዚያች ድንበር የት ትገባለች ብሎ የጠየቀ የለም።

እታለም ወደኔ ዞረች። «በል እንግዲህ ልጄ፣ ዕቃህን ሰብስብ» አለችኝ። ቁጣ እንኳ ያለው አይደለም፤ በርኅራኄ ነው ያለችኝ። እሱ ነው የባሰው።

«እሺ» አልኩ። «ግን ወንበሩን ልሰናበተው። አንዲት መስመር ብቻ።»

ሄኖክ ተነሣልኝ። ተቀመጥኩ። «ደህና ሁኑ» ብዬ ጻፍኩ። ኀዘኔ ሁሉ ወደ ጡጫዬ ወረደ። ኢንተሯን አሳረፍኳት።

«ጢን!»

ሄኖክ ገፋ አደረገኝና ጻፈ፤ ዝም። እኔ ጻፍኩ፤ «ጢን!» እሱ ጻፈ፤ ዝም። እኔ ጻፍኩ፤ «ጢን!» ከፊት የቆመው ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከኮምፒውተሩ አይደለም፤ ከኔ!

«ዕቃው ደህና ነው» አለ አንዱ ከኋላ። «ልጁ ነው!»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉ አያ አበጀ። «ሰኞ ዕለት ዓይኑ ቀልቶ ነበር።»

«ጠበል ውሰዱት!»

«አስቀድማችሁ እሰሩት እንጂ!»

አያችሁልኝ? ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ተጣልቼ ሰባት ቀን ጠበል ሊያስገቡኝ ነው። አንድ ወጠምሻ ጎልማሳ ክንዴን ያዘ። እኔም «ኧረ ጤነኛ ነኝ!» እላለሁ፤ ጤነኛ ነኝ ብሎ የሚጮህ ሰው ደግሞ ማን ያምነዋል?

ልክ ያን ጊዜ በሩ ላይ ጥቁር ጃንጥላ ታየ። ቄሰ ገበዝ ናቸው። የአንዲት የገጠር ደብር አስተዳዳሪ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃቸውን እኛ ዘንድ ይጥላሉ። ያለፈው ቅዳሜ አንድ ጥቅልል ለእታለም ትተው ባሕር ዳር ዘልቀው ነበር፤ አደራቸውን ሊወስዱ መምጣታቸው ነው። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው።

«አባታችን ደረሱልን!» አለ ክንዴን የያዘው። «ይኸው፣ ይህ ልጅ ሲጽፍ ዕቃው ይጮሃል። ሌላ ሲጽፍ ዝም ይላል። ምን ይሆን ያደረበት?»

ቄሰ ገበዝ መስቀላቸውን አወጡ። ተሳለምኩ። ግንባሬን አዩ፣ ዓይኔን አዩ።

«እስቲ ጻፍ ልጄ» አሉኝ።

ፈራሁ፤ ግን ጻፍኩ። «ጢን!»

አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። «ድገመው።»

«ጢን!»

«አሁንም።»

«ጢን!»

ፊታቸው ላይ ፈገግታ ሲመጣ አየሁ። «እንዴ!» አሉ። «ይቺማ የኔ ናት!»

ከቺፑዱ ጀርባ ገቡ። የተሰቀለውን ጥቅልል አወረዱ፤ ሚስማሩ ለካ በትክክል ከስክሪኑ ጀርባ ነበር። ነጭ ጨርቁን ሁለት ጊዜ ገለጡት። ከውስጡ የቅዳሴ ቃጭል ወጣች። አዲስ፣ ቢጫ፣ የምታምር። ይዘው ወዝወዝ አደረጓት።

«ጢን!»

«ከነጋዴው ዘንድ ስንቷን አስጮሄ አስጮሄ የመረጥኳት ናት» አሉ። «ድምጿን በእንቅልፌም አላጣው።»

እታለም ራሷን ያዘች። «እኔ መጽሐፍ መስሎኝ! "መሬት እንዳይነካ ስቀይልኝ" ቢሉኝ ሰቀልኩ። አደራ አይዳሰስ፣ በምን ልወቅ?»

እኔ በጡጫ ስመታ ጠረጴዛው ቺፑዱን ይገፋል፤ ቺፑዱ ሚስማሩን፤ ሚስማሩ ቃጭሏን። ሐሙስ ዕለት ያልፈታሁት ገመድ፣ ያልነቀልኩት ሽቦ አልነበረም፤ ያልነካሁት አንድ እሷን ነው። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ኮምፒውተር ሲፈታ እያየ፣ ከጀርባው የተሰቀለውን እንይ ያለ አንድም የለም። የሰው አደራ ነዋ! የሄኖክ ዲፕሎማም ከቺፑዱ ወዲያ አልሄደም።

ሰው ሁሉ በሳቅ ሲፈነዳ አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። አያ አበጀ ከበርጩማቸው ተነሡ።

«ቆይ ቆይ! ታዲያ ኮምፒውተሩ አይደለም?»

«አይደለም አያ» አልኳቸው።

«ኮምፒውተር መስሎኝ እኮ ነው እውነቱን የተናገርኩ!»

ቄሰ ገበዝ ቃጭሏን በእጃቸው እንደያዙ ዞሩ። «ታዲያ ቃጭል መሆኗን ቢያውቁ ኖሮ ሊዋሹ ነበር?»

አያ አበጀ ቃጭሏን አዩ። ሄኖክ የጻፈላቸውን አራት ጥማድ አዩ። ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ያቺን አራት ሰርዛት» አሉ።

«ስንት ላርገው?» አለ ሄኖክ።

«አንድ ተኩል...» ቃጭሏን ዳግመኛ አዩ። «አንድ...» የቄሰ ገበዝ እጅ አልተነቃነቀም። «እቅጯን ልንገርህ? ግማሽ ናት። ግማሽ እንኳ አትሞላ። ለግማሽ ጥማድ ደግሞ ምን ያካስሳል? አባታችን፣ እርሰዎ ካሉበት በሽማግሌ እንጨርሰው። ዕርቃችንን ግን ይጻፍልን፤ ነገ እንዳይክደኝ። የሚጽፈው ይኼ ልጅ ይሁን።» ጣታቸውን ወደኔ ቀሰሩ። «ያኛው ዝም ብሎ ነው የሚጽፍ። ለሱ አንድም አራትም አንድ ነው። ይኼኛው አብሮኝ ይናደዳል።»

ሄኖክ «ዲፕሎማ...» ሊል አፉን ከፍቶ ተወው።

ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ረቡዕ ዕርቁ ተጻፈ። እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ በሁለት ጣት፤ ጡጫውም አልቀረ። ዝም አለ፤ ቃጭሏ ደብሯ ገብታለች። እታለም ከበሩ ሆና ስታሰላ ነበር። ክስ ቢሆን ሁለት ቅጂ ነው፤ አንድ ለፍርድ ቤት፣ አንድ ለተከሳሽ። ዕርቅ ግን ለሁለቱ ባለጉዳይ፣ ለአምስቱ ሽማግሌ፣ ለቄሰ ገበዝ፣ ለቀበሌው! ፎቶ ኮፒው እስኪግል ሠራ። በማግስቱ ከጅጋ ያቺ ሴት ከነባሏ መጣች። እነሱም ዕርቅ። ለነሱ ሽማግሌ ደግሞ ሰባት ነበር።

«ሄኖክ!» አለች እታለም። «አንተ ፎቶ ኮፒውን ያዝ።»

ያዘ። የኮሌጅ ምሩቅ እጁ ቀለም በቀለም ሆኖ፣ እኔ «አምስት ኮፒ!» እያልኩ፣ እሱ «እሺ ኢንጂነር» እያለ ሦስት ሳምንት አብረን ሠራን። ክፉ ልጅ አይደለም፤ የእጁን ጠባይ ነው ያልወደድኩለት። ሲሄድ በአሥር ጣት እንድጽፍ ሊያስተምረኝ ሞክሮ ነበር። ይቅርብኝ አልኩት።

አሁን ሰው ሲቀመጥና ከበድ ያለ ነገር ሲል፣ እጄን ከፊደሉ ላይ አንሥቼ ዝም ብዬ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ። ትንሽ ይጠብቃል፤ ሳል ይለዋል፤ «እሺ፣ ሁለት በለው» ይላል። ማሽን አያስፈልገውም ለካ ሰው።

አሁንም አላመንክም? ራስህን አትነቅንቅ! ዱላህን ያዝና ፍኖተ ሰላም ውረድ። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ሰው ሁሉ ጠይቅ። አያ አበጀን ማንኩሳ ድረስ ሄደህ ጠይቃቸው፤ ይክዱኝ እንደሆን አያለሁ። ጋሪ ነጂውን ጠይቀው፤ እሱ እንኳ አፉ ክፉ ነው እንጂ አይዋሽም። ቡሬም ተሻገርና ሄኖክን ጠይቀው፤ በተለይ ሄኖክን! «ማን ነበር ወንበሩ ላይ የቀረው?» በለው። ከዚያ ተመልሰህ መጥተህ እዚሁ ሰው ፊት «ቀጣፊ» በለኝ፤ ከደፈርክ!